የወረስኩትን የተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር ላጥፋው ወይስ ላጥራው?

ጥያቄው ባጭሩ፦ ጠያቂው የአንድ መካከለኛ ድርጅት የኢሜይል ጥበቃ ሥርዓት በቅርቡ ተረክበዋል። የተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር (ማጣሪያው ሳያግድ የሚያሳልፋቸው) ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ አድራሻና ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው የአድራሻ ክፍል) አገኙ፤ ጂሜይል ዶት ኮምና የድርጅቱ የራሱ ዶሜይን ሳይቀሩ አሉበት። የታገዱት ዝርዝር ደግሞ ብዙ ሺህ ነው። በዋና ሥራ አስኪያጁ ስም የተላከ ሐሰተኛ የክፍያ ትእዛዝ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ፋይናንስ ክፍል ደርሷል። በሌላ በኩል የአቅራቢዎች ደረሰኝ ኳራንቲን (የተጠረጠረ መልእክት የሚታሰርበት ቦታ) ውስጥ እየቀረ «ይህን ላኪ ፍቀድልን» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣባቸዋል። «ሁሉንም አጥፍቼ ከዜሮ ልጀምር ወይስ የተሻለ መንገድ አለ?» ይላሉ።

ሁሉንም በአንድ ሌሊት አያጥፉ፤ በማግስቱ ስልክዎ እረፍት አያገኝም። ሁለት ረድፎችን ግን ዛሬውኑ ያንሷቸው፤ ጂሜይል ዶት ኮምንና የራሳችሁን ዶሜይን። በሥራ አስኪያጁ ስም የመጣው መልእክት የገባውም በሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። የመልእክት መከታተያ ሎጉን (ሥርዓቱ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ከፍተው ይፈልጉት፤ ብዙዎቹ ሥርዓቶች አንድ መልእክት በተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር ምክንያት ካለፈ ይህንኑ እዚያው ይመዘግባሉ። ካገኙት፣ «ለምን ነካካኸው?» ለሚሉ አለቆች የሚያሳዩት ማስረጃም እሱው ነው።

የራስን ዶሜይን የሚፈቅድ ሰው ሐሳቡ ቀና ነው፤ የራሳችን መልእክት እንዳይታገድብን ብሎ ነው። ነገር ግን ከባልደረባ ወደ ባልደረባ የሚሄድ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በሚገባው በር በኩል አያልፍም። ከውጭ መጥቶ የእናንተን ስም የያዘ መልእክት ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ በእናንተ ስም የሚልክ የውጭ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የደመወዝ ሶፍትዌር ወይም የቲኬት ሥርዓት፣ አለዚያ አስመሳይ። ያ ረድፍ ሁለቱንም ሳይፈትሽ ያስገባል። ጂሜይል ዶት ኮምማ ማብራሪያም አያሻው፤ በነፃ አካውንት የሚከፍት ሁሉ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ጂሜይል የሚጠቀም የታወቀ ደንበኛ ካለ ሙሉ አድራሻውን ብቻ ያስገቡ።

የራሳችሁ ዶሜይን ሲነሣ ከላይ ያልኳቸው የውጭ አገልግሎቶች መልእክት ሊታሰር ይችላል። እነሱን መልሶ መፍቀድ ሳይሆን ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉት የላኪ ማረጋገጫዎች (ዝቅ ብዬ አብራራቸዋለሁ) በእናንተ ዶሜይን እንዲስተካከልላቸው ማድረግ ነው የሚያዋጣው። ቀጥሎ የሦስተኛውን ማረጋገጫ፣ የዲማርክን ፖሊሲ፣ «ነን» (none፣ ማለትም ምንም አታድርግ) በሚለው ደረጃ ጀምረው፣ የሚመጡትን ሪፖርቶች እያዩ፣ በእናንተ ስም የሚልኩት ሁሉ ከታወቁ በኋላ ወደ «ኳራንቲን»፣ ከዚያም ወደ «ሪጀክት» (አትቀበል) ያሳድጉት። ዶሜይናችሁን የሚጠብቀው ይህ ነው፤ የተፈቀዱ ዝርዝር ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

የቀሩትን ረድፎች ከመንካትዎ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ይጣራ፤ ሥርዓትዎ «ላኪ» የሚለው የትኛውን አድራሻ ነው? እያንዳንዱ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው። በፖስታ እንደታሸገ ደብዳቤ ያስቡት። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይለዋወጡታል፤ መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀር ማስታወቂያው የሚመለሰው ወደዚያ ነው፤ ከደረሰ በኋላም ሪተርን ፓዝ በሚል ስም ሄደሩ (ከመልእክቱ ጋር የሚሄደው የቴክኒክ መረጃ) ውስጥ ይገኛል። ውስጥ ያለው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ፍሮም የሚለው መስመር አለ፤ ተቀባዩ በዓይኑ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ በመሠረታዊው የኢሜይል ፕሮቶኮል ውስጥ የለም። ላኪው ሁለቱም ላይ የፈለገውን መጻፍ ይችላል።

ማረጋገጫዎቹ የመጡት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ኤስፒኤፍ የፖስታውን ዶሜይን ይዞ «ይህ አይፒ (የላኪው ሰርቨር የቁጥር አድራሻ) በዚህ ዶሜይን ስም ሊልክ ተፈቅዶለታል?» ብሎ ዲኤንኤስን፣ ማለትም የዶሜይኖችን ይፋ መዝገብ፣ ይጠይቃል። ዲኪም መልእክቱ ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል፤ ፈራሚው ግን ማንኛውም ዶሜይን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በይፋ የታተመው ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ የተረጋገጠው ዶሜይን ተቀባዩ ከሚያየው ፍሮም ጋር ይገጥማል ወይ ብሎ ይመረምራል።

የተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር በራሱ ከእነዚህ አንዱንም አይጠይቅም። ስም ያያል፤ ስሙ ከተመዘገበ ያሳልፋል። ስለዚህ ያለ ቅድመ ሁኔታ አንድ ረድፍ በጨመሩ ቁጥር «ይህን ስም መጻፍ የቻለ ሁሉ ይግባ» እያሉ ነው። አጥቂ ደግሞ የእናንተን አቅራቢዎች ስም ለማወቅ ብዙ አይለፋም፤ ድረ ገጽ ላይ «አጋሮቻችን» ብላችሁ የዘረዘራችኋቸው ይበቁታል።

እስቲ አንድ የታሰረ ደረሰኝ ወስደን እንየው። ሄደሩን ሲከፍቱ ኦተንቲኬሽን ሪዘልትስ (የማረጋገጫ ውጤት) በሚለው መስመር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አገኙ እንበል (ፓስ ማለት አለፈ፣ ፌይል ማለት ወደቀ ነው)፦

ኤስፒኤፍ፦ ፓስ፤ የፖስታው ዶሜይን፦ ባውንስ ዶት ሜይለር ዶት ኤክዛምፕል
ዲኪም፦ ፓስ፤ ፈራሚው ዶሜይን፦ ሜይለር ዶት ኤክዛምፕል
ዲማርክ፦ ፌይል፤ የፍሮም ዶሜይን፦ አቅራቢ ዶት ኤክዛምፕል

ላይ ላዩን ሁለት ፓስ አለ። ግን ሁለቱም ጊዜ ያለፈው የጅምላ መላኪያው ኩባንያ ስም ነው፤ የአቅራቢው ዶሜይን በማንም አልተረጋገጠም። አቅራቢው የሒሳብ ሶፍትዌር ተከራይቶ ደረሰኝ በዚያ በኩል መላክ ሲጀምር በራሱ ዶሜይን የሚፈርም ዲኪም አላስዋቀረም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አድሚን የአቅራቢውን ዶሜይን ይፈቅድና ቲኬቱን ይዘጋል። ደረሰኙ ይገባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በአቅራቢው ስም የተጻፈ ሐሰተኛ ደረሰኝም አብሮት ይገባል። ከዚህ የሚብሰው የመላኪያውን አይፒ መፍቀድ ነው። አንድን የጅምላ መላኪያ አይፒ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል፤ ከመካከላቸው አጭበርባሪ አይጠፋም።

መፍትሔው ያለው ላኪው ዘንድ ነው። ለአቅራቢው አጭር መልእክት ይጻፉለት፤ ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ገልብጠው «ደረሰኛችሁን የሚልከው አገልግሎት በእናንተ ዶሜይን አይፈርምም፤ ዲኪም አስዋቅሩ» ማለት ይበቃል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰሚ አያገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ግን ጉግልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች ኤስፒኤፍንም ዲኪምንም ዲማርክንም መጠየቅ ጀምረዋል፤ ለጉግል «በብዛት» ማለት ወደ ጂሜይል አካውንቶች በቀን 5,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት መላክ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሶፍትዌሩ አከራይ የማዋቀሪያ መመሪያ አዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል፤ አቅራቢው መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማየው ምክንያት ከመጠን በላይ የረዘመ የኤስፒኤፍ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሲነበብ የሚያስነሣው የዲኤንኤስ ጥያቄ ከ10 ካለፈ ውጤቱ ስህተት ይባላል፤ ትናንት ያልፍ የነበረ ላኪ አንድ አዲስ አገልግሎት ስለጨመረ ብቻ ዛሬ ይወድቃል። አባሪው ዚፕ ውስጥ በይለፍ ቃል የተቆለፈ በመሆኑ፣ ወይም ዶሜይኑ ገና ከተመዘገበ ጥቂት ቀን ስለሆነው የሚታሰርም አለ። እነዚህን ላኪውን በመፍቀድ ማለፍ ሕመሙን ሳያውቁ ማስታገሻ እንደመስጠት ስለሆነ መጀመሪያ «ለምን ታሰረ?» የሚለውን ከሎጉ ያንብቡ። ያለ ምክንያት የሚታሰር የለም፤ ምክንያቱ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል እንጂ።

አንዳንዴ ላኪው እስኪያስተካክል መጠበቅ አይቻልም፤ መፍቀድ የግድ ይሆናል። ያኔ ፍቃዱን ከማረጋገጫ ጋር እሰሩት። ስፓም አሳሲን የተባለው የስፓም ማጣሪያ ይህን ልዩነት ጥርት አድርጎ ያሳያል። ዌልካምሊስት ፍሮም የሚለው ትእዛዝ አድራሻውን ብቻ አይቶ ከመልእክቱ ነጥብ ላይ 100 ይቀንሳል፤ መልእክት ስፓም የሚባለው በመደበኛው ቅንብር 5 ነጥብ ሲደርስ መሆኑን ሲያስቡ 100 መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። ዌልካምሊስት ኦት የሚለው ግን ያንኑ ቅናሽ የሚሰጠው ላኪው በማረጋገጫ ካለፈ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ለምን አሁንም እንደሚጠቀሙበት አይገባኝም። ጉግል ወርክስፔስ ላይም የአድራሻ ዝርዝር ሲያዘጋጁ የላኪ ማረጋገጫ የሚያስገድድ አማራጭ አለ፤ አያጥፉት። ማይክሮሶፍት 365 ላይ ከሆናችሁ፣ በጸረ ስፓም ፖሊሲው ውስጥ ያለውን የተፈቀዱ ላኪዎች ሳጥን ማይክሮሶፍት ራሱ ከሁሉም የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከእሱ ይልቅ የቴናንት አላው ብሎክ ሊስት (የድርጅቱ የፍቃድና የእገዳ ዝርዝር) የሚባለው ይሻላል፤ በዚያ ለአድራሻ ወይም ለዶሜይን የሚሰጥ ፍቃድ የጊዜ ገደብ አለውና የማይሠራበት ከሆነ ረስተውት እንኳ ዘላለም አይኖርም። የሜይል ፍሎው ሩል (የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ) መጻፍ ካስፈለገም ሁኔታው ሁለት ይሁን፤ ላኪው እገሌ ከሆነ፣ በተጨማሪም ሄደሩ ላይ ዲማርክ ፓስ የሚል ካለ።

ማረጋገጫ ያለው ፍቃድም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። የአቅራቢው አካውንት ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤስፒኤፍም ዲኪምም ዲማርክም እውነተኛ ፓስ ይላሉ፤ መልእክቱም በድሮው ንግግር ላይ እንደ መልስ ተቀጥሎ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ይላል። ስለዚህ ፍቃድ ማለት የስፓም ነጥብን ብቻ መዝለል እንጂ የማልዌር፣ የአባሪና የሊንክ ምርመራን መዝለል መሆን የለበትም። ማይክሮሶፍት 365 ማልዌርንና በእርግጠኝነት ፊሺንግ (የማጥመጃ መልእክት) የተባለውን በተፈቀዱ ላኪዎች ዝርዝር አያሳልፍም። በሌሎች ምርቶች ላይ ግን «ሁሉንም ምርመራ ዝለል» የሚል አንድ ሳጥን ይኖራል፤ የወረሱት ዝርዝር ላይ ያ ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ከሁሉ በፊት ይዩ። የባንክ ሒሳብ ለውጥን በሚመለከት ግን ፊልተር ላይ ተስፋ አይጣሉ፤ ፋይናንስ ክፍል ቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ።

በነገራችን ላይ፣ ጌትዌዩ (ከውጭ የሚመጣውን መልእክት መጀመሪያ ተቀብሎ የሚያጣራው) ከፊት፣ የኢሜይል ሳጥኖቹ ደግሞ ከኋላ በሌላ አገልግሎት ላይ ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ቦታ ይፈትሹ። የኋላው አገልግሎት ሁሉም መልእክት ከጌትዌዩ አይፒ የመጣ ይመስለዋል። አንድ ሰው ያንን አይፒ «የራሳችን ነው» ብሎ ፈቅዶ ከሆነ የኋላው ጥበቃ በሙሉ ተዘግቷል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የኋላው ሰርቨር ከጌትዌዩ ውጪ ከማንም የሚቀበል ከሆነ፣ አጥቂው ጌትዌዩን ዞሮ በቀጥታ ይልካል፤ እርስዎ ፊት ለፊት ያለውን ዝርዝር ሲያጠሩ እሱ በጓሮ ይገባል።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። መጀመሪያ ዝርዝሩን ወደ ፋይል አውጥተው ያስቀምጡ፤ የሚመለሱበት ያስፈልግዎታል። ከዚያ እያንዳንዱ ረድፍ ምን ያህል መልእክት እንዳሳለፈ ከሎጉ ያውጡ። ምንም ያላሳለፉት ብዙ ይሆናሉ፤ የተሰናበቱ ሠራተኞች የጠየቋቸው፣ የተዘጉ ኩባንያዎች። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ የሦስት ወር ሎግ ብቻ ካለዎት በዓመት አንዴ የሚጽፍ ኦዲተር ወይም መድን ድርጅት የሞተ ይመስልዎታል። ሁለተኛ፣ የሞቱት ረድፎች ከሁሉ አደገኞቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ያላሳደሰውን ዶሜይን ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል፣ ገዥው ደግሞ ኤስፒኤፍና ዲኪሙን በትክክል አዋቅሮ በተከፈተው በር ይገባል። ስለዚህ «ማንም አይጠቀምበት፣ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል» አይባልም።

መልእክት የሚያሳልፉት ረድፎች ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ረድፉ ባይኖር መልእክቱ ይታሰር ነበር ወይ? አንዳንድ ሥርዓቶች ፍቃዱ ባይኖር መልእክቱ ያገኝ የነበረውን ነጥብ በሎግ ወይም በሄደር ያሳያሉ። ስፓም አሳሲን ላይ የመቶውን ቅናሽ መልሰው መደመር ነው። ያለ ፍቃዱም የሚያልፉት ይበዛሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ ቀን ችግር የተፈቀዱ ናቸውና። እነሱን ያለ ፍርሃት ያንሱ። የሚቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ማረጋገጫ ወዳለው ፍቃድ ያዛውሩ። በጥቂት በጥቂቱ ያንሱ፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ኳራንቲኑን በቅርብ ይከታተሉ፣ ሄልፕዴስኩንም አስቀድመው ያስጠንቅቁ። አርብ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም አይንኩ።

ረድፎቹ እንዴት እንደተጻፉም ያስተውሉ። አንዳንድ ሥርዓት አድራሻውን የሚያመሳስለው ከመጨረሻው ነው። ረድፉ አቅራቢ ዶት ኤክዛምፕል ብሎ ከፊቱ ኮከብ ከተደረገበት፣ «ሐሰተኛአቅራቢ ዶት ኤክዛምፕል» የሚል አዲስ የተመዘገበ ዶሜይንም በዚያው ያልፋል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ መግለጫ ስልት) የተጻፉት ውስጥ ደግሞ ነጥቧ ተራ ነጥብ መሆኗ በምልክት ካልተለየ ማንኛውንም ፊደል ትቀበላለች። እንዲህ ያሉትን እንደገና ይጻፏቸው፣ ከዚያም ከውጭ አካውንት ልከው ይሞክሯቸው። በሚሞክሩበት ጊዜ ያው አድራሻ በሁለቱም ዝርዝር ቢገኝ የትኛው እንደሚያሸንፍ፣ ሠራተኛው በራሱ ሳጥን ውስጥ የፈቀደው የእናንተን እገዳ ያልፍ እንደሆነም አብረው ይዩ። ይህ ከምርት ምርት ይለያያል፤ መገመት አያስፈልግም፣ በሁለት የሙከራ መልእክት ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ የሚገባ አዲስ ረድፍ ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደተፈቀደና መቼ እንደሚያበቃ ሳይጻፍበት አይግባ። ሥርዓቱ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ ከሌለው ሌላ ሠንጠረዥ ይያዙ። ጠያቂውም የሚያቀርበው «ፍቀድልን» የሚል ወረቀት ሳይሆን የታሰረውን መልእክት ይሁን። ኳራንቲን ውስጥ ካለ እርስዎ ራስዎ ያዩታል፤ ጀንክ ውስጥ ከገባ ግን እንደ አባሪ አያይዘው ይላኩልዎት። ተራ ፎርዋርድ ካደረጉት ዋናው ሄደር ይጠፋል፣ እርስዎም ባዶ እጅዎን ይቀራሉ።

የታገዱት ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋም፤ እርስዎም አያጥፉ። የስፓም ላኪ አድራሻውን በየመልእክቱ ይለውጣል፤ ፍሮም ላይ የሚጽፈውም ብዙ ጊዜ የማያውቀው ምስኪን ሰው አድራሻ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሺህ ረድፎች በአብዛኛው ዳግም የማይመጣ ስም ናቸው። የፖስታውን ሙሉ አድራሻ ማገድማ ጭራሽ ዋጋ የለውም፤ የጅምላ መላኪያዎች ለእያንዳንዱ መልእክት የተለየ የመመለሻ አድራሻ ስለሚፈጥሩ ዛሬ ያገዱት ነገ አይኖርም። እገዳ የሚጠቅመው በሁለት ቦታ ነው፦ «አልፈልግም» እየተባለ መላኩን ለማይተው እውነተኛ ኩባንያ፣ እና በሂደት ላይ ላለ ጥቃት እንደ መጀመሪያ እርዳታ። ለሁለተኛው የማብቂያ ቀን ይስጡት። አንድ ዓመት የሞላቸውንና ማንንም ያልያዙትን በጅምላ ቢያነሡ የሚጎዳዎት ነገር አይታየኝም።

አይፒ ሲያግዱ ስፋቱን ይቁጠሩ፤ ስላሽ 24 ብለው የጻፉት 256 አድራሻ ነው፤ ከመካከላቸው የደንበኛችሁ ሰርቨር ሊኖር ይችላል። ማይክሮሶፍት 365 ላይ በቴናንት ዝርዝሩ ዶሜይን ካገዱ ደግሞ የእናንተም ሠራተኞች ወደዚያ ዶሜይን መጻፍ አይችሉም፤ «መልእክቴ ተመለሰ» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ይዩ። የታገደ መልእክት ምን ይሁን ለሚለው፣ በግንኙነቱ ወቅት በ550 ኮድ («አልቀበልም» በሚል የሰርቨር ምላሽ) መመለስን እመርጣለሁ፤ በስህተት የታገደ እውነተኛ ላኪ ወዲያው ያውቃል። ተቀብሎ ከቆየ በኋላ የውድቀት ማስታወቂያ መላክ ግን ስሙ ወደተሰረቀበት ሰው ቆሻሻ መወርወር ነው፣ የእናንተንም አይፒ በጥቁር መዝገብ ሊያስገባ ይችላል። ዝም ብሎ መጣል ደግሞ ማንም የማያገኘው ጉድጓድ ነው።

አንድ ረድፍ ግን በተለይ ይፈልጉ፤ ባዶ ላኪን የሚያግድ። የውድቀት ማስታወቂያዎች በፖስታው ላይ ባዶ አድራሻ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ደንቡም እንደዚያው ያዛል። አንድ ሰው በስፓም ተማርሮ ያንን አግዶ ከሆነ፣ ሠራተኞቻችሁ የተሳሳተ አድራሻ ላይ ጽፈው መልእክታቸው አለመድረሱን በጭራሽ አያውቁም።